ዋግሹም፡ በስሙ ሹመት፣ በግብሩ ውርስ

ስለ ቀድሞው ሥርዓት የማዕረግ ስሞች ሲወራ ተደጋግሞ የሚሰማ አንድ ስህተት አለ። ራስ፣ ደጃዝማች፣ ፊታውራሪ የሚሉት መጠሪያዎች እንደ አውሮፓ መሳፍንት ማዕረግ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፉ ይመስለናል። እውነታው ግን ሌላ ነው። የራስ ልጅ ራስ ሆኖ አይወለድም። ንጉሠ ነገሥቱ ከወደዱ ይሾሙታል፣ ከጠሉ ይሽሩታል። «ሹም ሽር» የምንለውም ይህንኑ ነው። የመኳንንት ልጅ መሆን ለሹመት ያቀርባል እንጂ ሹመቱን ራሱን አያወርስም ነበር።

ደንቡ ግን ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች ነበሩት። የአምባሰሉ ጃንጥራር አንዱ ነው፤ የእቴጌ መነን አባት ጃንጥራር አስፋው የዚህ ቤት ሰው ነበሩ። ከሁሉም ይበልጥ የሚጠቀሰው ግን የዋግሹም ማዕረግ ነው። ሕግ ለተማረ ሰው ስሙ ራሱ ጥያቄ ያስነሳል። ዋግሹም ማለት «የዋግ ሹም» ነው፤ ሹም ደግሞ የተሾመ ማለት ነው። በስሙ ተሿሚ፣ በግብሩ ወራሽ የሆነ ማዕረግ እንዴት ሊገኝ ቻለ?

መልሱ የሚጀምረው ከዛጉዌ መንግሥት ውድቀት ነው። እ.ኤ.አ. በ1270 ይኩኖ አምላክ ዙፋኑን ሲይዙ የሆነውን በተመለከተ ሁለት ትውፊቶች አሉ። አንደኛው የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ በጦርነት ተሸንፎ መሞቱን ይናገራል። ሁለተኛው ደግሞ በቤተ ክርስቲያን አባቶች አስታራቂነት ሥልጣኑ በስምምነት እንደተላለፈ ይተርካል። በዚህ በሁለተኛው ትውፊት መሠረት የዛጉዌ ዘሮች የንጉሠ ነገሥትነቱን ይገባኛል ባይነት ትተው ዋግንና ላስታን በውርስ እንዲያስተዳድሩ ተፈቀደላቸው። በብር ወንበር መቀመጥና ነጋሪት ማስጎሰም የመሳሰሉ የክብር መብቶችም ተጠበቁላቸው ይባላል። ትውፊቱ በዝርዝሩ ያከራክር ይሆናል። የማያከራክረው የሰቆጣው ቤት ራሱን የዛጉዌ ወራሽ አድርጎ ለዘመናት መቆየቱና የጎንደርም ሆነ የሸዋ ነገሥታት ይህንን አክብረው መኖራቸው ነው። በዘመናዊ አነጋገር ተሸናፊውን ያላጠፋ የሥልጣን ክፍፍል ነበር ማለት ይቻላል።

ይሁን እንጂ የወረሱት ክብር ብቻ አልነበረም፤ መከራውንም አብረው ወርሰዋል። ዋግሹም ገብረ መድኅን በዐፄ ቴዎድሮስ ትእዛዝ ተገደሉ። ልጃቸው ዋግሹም ጎበዜ ሸፈቱ። ቴዎድሮስ ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ራሳቸውን ካጠፉ በኋላም ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ዘውድ ጫኑ። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የዛጉዌ ዘር ነኝ የሚለው ቤት ዙፋኑ ላይ ሲወጣ እንኳ በዛጉዌነቱ አልተማመነም። ተክለ ጊዮርጊስ በእናታቸው በኩል ከሰሎሞናዊው ሐረግ እንደሚወለዱ ማሳየት አስፈልጓቸዋል። ግዛታቸውም ብዙ አልቆየም። እህታቸው ድንቅነሽ የተክለ ጊዮርጊስ ባለቤት የነበሩት የትግራዩ ደጃዝማች ካሳ ምርጫ፣ ከእንግሊዝ ጦር ባገኙት መሣሪያ ታግዘው፣ ሐምሌ 1863 ዓ.ም. ዓድዋ አጠገብ አሸንፈው ማረኳቸው። ካሳ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ሆኑ፤ ተክለ ጊዮርጊስ ደግሞ ዓይናቸው ጠፍቶ በእስር ሞቱ።

ቤቱ ግን አልጠፋም። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋው ዘመቻ ከዘመቱት ታላላቅ መኳንንት አንዱ ዋግሹም ጓንጉል ነበሩ። ከአርባ ዓመት በኋላ ደግሞ የዋግሹም ከበደ ልጅ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደ በዋግና በላስታ በጣሊያን ላይ ዐመፅ አስነሱ። መስከረም 1930 ዓ.ም. ተገደሉ፤ ጣሊያኖችም አንገታቸውን ቆርጠው ራሳቸውን ለሕዝብ ማስፈራሪያ በአደባባይ አሳዩት። የዘር ክብር ከግዴታ ጋር አብሮ ሲሄድ ምን እንደሚመስል ከዚህ የበለጠ ምስክር አያስፈልግም።

ማዕረጉን ያዳከመው ጠላት ሳይሆን የዘመናዊ መንግሥት መደራጀት ነው። የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ማዕረግ መስጠትን የንጉሠ ነገሥቱ መብት አድርጎ ደነገገ። ከዚያ ወዲህ የትኛውም ቤት በራሱ ታሪክ የሚቆምበት የሕግ መሬት እየጠበበ ሄደ። መሬቱም ራሱ የካቲት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 31 የሕዝብ ሀብት ሆነ። በማግሥቱ ወር፣ በመጋቢት፣ ደርግ ዘውዱንና የመሳፍንት ማዕረጎችን ሻረ። ሰቆጣ ዛሬ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር መቀመጫ ናት። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 25ም በትውልድ ወይም በማኅበራዊ አመጣጥ ምክንያት በሰዎች መካከል ልዩነት ማድረግን ይከለክላል።

ታዲያ ይህ ታሪክ ለእኛ ምን ይጠቅመናል? ከዋግሹም ቤት ሁለት ነገሮችን ለይተን ማየት ያለብን ይመስለኛል። አንዱ በደም ተወልዶ የመግዛት መብት ነው። ይህ በአግባቡ ተሽሯል፤ በማንም ስም፣ በቤተሰብም ሆነ በጎሳ፣ ሊመለስ አይገባም። ሌላው ግን ያሸነፈ ወገን ለተሸነፈው ቦታ ሊተውለት ይችላል የሚለው ሐሳብ ነው። ከመቅደላ ወዲህ ያለውን የሥልጣን ዝውውራችንን ለተመለከተ፣ ዙፋን የያዘ ሁሉ የቀደመውን ከሥሩ ካልነቀለ እንቅልፍ አልወስድ ሲለው ኖሯል። ሰባት መቶ ዓመት ወደ ኋላ ሄደን የምናገኘው ስምምነት፣ ትውፊት ቢሆን እንኳ፣ አባቶቻችን ሌላ መንገድ ማሰብ እንደቻሉ ያሳያል።

አንድ ጉድለት ግን ነበረበት። ስምምነቱ የሁለት ቤቶች ነበር፤ የዋግ ገበሬ አልተጠየቀም። ዛሬ የሥልጣን ክፍፍል ይደረግ ሲባል መጀመሪያ መጠየቅ ያለበትም ይኸው ነው፦ ከሚካፈሉት ቤቶች ውጭ ያለውን ሕዝብ ማን ጠየቀው?