በዓሣ በል ወፎች ላይ የወጣው ሕግና ያልተቋጨው ክርክር

እ.ኤ.አ. በ2014 መጀመሪያ ወራት በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና ግዛት፣ ማሪዮንና ሙልትሪ በተባሉት ሐይቆች ላይ ፈቃድ የተሰጣቸው አዳኞች ከ11,000 በላይ ኮርሞራንት የተባሉ ዓሣ በል ወፎችን ገድለዋል። ለአደኑ በር የከፈተው የግዛቲቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በበጀት ሕጉ ውስጥ ያስገባው ድንጋጌ ነበር።

ኮርሞራንት ጥቁር ላባ፣ ረጅም አንገትና ጫፉ የተቆለመመ ምንቃር ያለው ጠላቂ ወፍ ነው። ዐረቦች «ጉራብ አል-በሕር»፣ የባሕር ቁራ ይሉታል። በሐዋሳና በዝዋይ ሐይቆች ዳርቻ ያደገ ሰውም ክንፉን ዘርግቶ ለፀሐይ የሚያሰጣውን የዚህን ወፍ ዘመድ ያውቀዋል። አንዱ ወፍ በቀን ግማሽ ኪሎ ገደማ ዓሣ ይበላል። በመንጋ ሆኖ የሚያድርባቸው ዛፎችም ከኩሱ ብዛት የተነሣ ይደርቃሉ።

ይህ ወፍ ከግማሽ ምዕት ዓመት በፊት ለመጥፋት ተቃርቦ ነበር። ዲዲቲ የተባለው ፀረ ተባይ ኬሚካል የእንቁላሉን ቅርፊት እያሳሳ ጫጩት እንዳይፈለፈል አድርጎ ነበርና፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ በታላላቆቹ ሐይቆች የቀሩት ጎጆዎች ከመቶ ብዙም የማይበልጡ ነበሩ። በ1972 ዲዲቲ ታገደ፤ ወፉም በዚያው ዓመት በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ሥር ገባ። በ2000 በእነዚያው ሐይቆች ከ100,000 በላይ ጎጆዎች ተቆጠሩ። ጥበቃው ውጤት ማምጣቱ ራሱ ሌላ ቅሬታ ወለደ፤ በ1998 በኦንታሪዮ ሐይቅ ሊትል ጋሉ ደሴት ላይ ከ800 በላይ ወፎች በሕገ ወጥ መንገድ ተገድለው ተገኙ።

የግዛቶቹ ችግር ወፉ ተሰዳጅ መሆኑ ነው። በበጋ ካናዳ ውስጥ ጎጆ የሠራው ወፍ ክረምቱን በሚሲሲፒ የዓሣ እርባታ ኩሬዎች ላይ ሊያሳልፍ ይችላል። በመሆኑም ጥበቃው በአገሮች መካከል በተደረገ ውል ላይ የቆመ ነው፤ የአንድ ግዛት ምክር ቤት የፌዴራሉ መንግሥት ሳይፈቅድ በራሱ ድምፅ ብቻ ሊያስገድለው አይችልም። በ2003 የፌዴራሉ መንግሥት 24 ግዛቶች የሕዝብ ሀብትን ለመጠበቅ ወፉን እንዲቆጣጠሩ ፈቀደ፤ በዚህም እንቁላሉን ዘይት መቀባትና አዋቂውን ወፍ መተኮስ ተቻለ። በ2016 ግን አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናቱ በቂ አይደለም በማለት ትእዛዙን ሻረው። በ2020 መጨረሻ የወጣው አዲስ ደንብ ለግዛቶችና ለነባር ሕዝቦች ጎሣዎች ልዩ ፈቃድ የሚሰጥ ሲሆን፣ በዓመት የሚገደለው ወፍ ከ121,504 እንዳይበልጥ ይገድባል።

ቁጥሩ እስከ መጨረሻው አሃዝ ድረስ የተሰላ ይምሰል እንጂ፣ ወፉ ምን ያህል ጥፋተኛ ነው የሚለው ጥያቄ በየሐይቁ የተለያየ መልስ አለው። በኒው ዮርክ ኦናይዳ ሐይቅ የተደረጉ ጥናቶች ወፉ ገና ያላደጉ የዎልአይና የፐርች ዓሦችን በእጅጉ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በሌሎች ሥፍራዎች ደግሞ ዋነኛ ምግቡ ከጥቁርና ከካስፒያን ባሕር አካባቢ የመጣው ጎቢ የተሰኘ ወራሪ ዓሣ ነው፤ እዚያ ወፉን ባለዕዳ ማድረግ ያስቸግራል። በሚኔሶታ ሊች ሐይቅ ከ2005 ጀምሮ ወፎቹ ሲቀነሱ የዎልአይ ዓሣ አገግሟል። ይሁን እንጂ በዚያው ጊዜ የዓሣ ጫጩት ወደ ሐይቁ ይጨመር፣ በዓሣ አጥማጆችም ላይ ገደብ ይጣል ስለ ነበር፣ ውጤቱን ለጥይቱ ብቻ መስጠት ፍትሐዊ አይሆንም። የሞተ ወፍ መቁጠር ቀላል ነው፤ የተረፈውን ዓሣ መቁጠር ግን የዓመታት ሥራ ይጠይቃል፤ ምክር ቤቶችም ለዚህኛው ብዙ ትዕግሥት የላቸውም።

በዐረብ ባህረ ሰላጤ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። በዚህ ባህረ ሰላጤና በዐረብ ልሳነ ምድር ደቡብ ምሥራቅ ዳርቻ ብቻ የሚራባው የሶኮትራ ኮርሞራንት ለአደጋ ከተጋለጡ ዝርያዎች መዝገብ ውስጥ ይገኛል። በባሕሬን የሐዋር ደሴቶችና በኡም አል-ቀይወይን የሲኒያ ደሴት ያሉት ትልልቅ መንጋዎቹ በዓለም ላይ ከቀሩት ጥቂት መራቢያዎቹ መካከል ናቸው።