የአሮጌ ጊታር ዋጋ፦ ከሥራ መሣሪያ ወደ ቅርስ

ከአባት ወይም ከአጎት የተወረሰ ኤሌክትሪክ ጊታር ከቁም ሣጥን ሲወጣ ቤተሰቡ ቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ያወጣል?» ብሎ ነው። የዚህ ጥያቄ መልስ ባለፉት ስድሳ ዓመታት ደጋግሞ ተለውጧል፤ ለውጡን የማያውቅ ወራሽም ውድ ዕቃ በርካሽ ሊሸጥ፣ ወይም ላድስ ብሎ ዋጋውን በገዛ እጁ ሊጥል ይችላል። (ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጊታር አምራቹ ፌንደር በ1954 ስትራቶካስተርን ለገበያ ሲያቀርብ አሮጌ ጊታር ማለት ያገለገለ ዕቃ ማለት ብቻ ነበር። ሌላው አምራች ጊብሰንም ከ1958 እስከ 1960 ሌስ ፖል የተባለውን ጊታሩን ከመሐል ቢጫ ሆኖ ወደ ዳር በሚቀላ፣ ሰንበርስት በሚባል ቀለም ሠርቶ ገዢ ቢያጣ ቅርጹን ለወጠው። በ1966 ግን ኤሪክ ክላፕተን ከጆን ሜየል ጋር በሠራው አልበም የሌስ ፖልን ወፍራም ድምፅ አሰማ። ወጣት ጊታሪስቶች ፋብሪካው የተወውን መሣሪያ ፍለጋ ወጡ፤ ጊብሰንም በ1968 ሌስ ፖልን እንደገና ማምረት ጀመረ። አሮጌው ከአዲሱ የሚበልጥበት ዘመን የተከፈተው ያኔ ነው።

አሮጌው የተወደደበት ሁለተኛው ምክንያት የባለቤት መለወጥ ነው። በ1965 መጀመሪያ የብሮድካስት ኩባንያው ሲቢኤስ ፌንደርን በ13 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ሙዚቀኞች ጥራቱ ወረደ ብለው ስላመኑ «ፕሪ ሲቢኤስ» (ከሲቢኤስ በፊት) የሚለው ስም ራሱ የዋጋ መለኪያ ሆነ። በእኔ እምነት ገበያው እዚህ ላይ ያበዛዋል። ኩባንያው በተሸጠ ማግስት የተሠራ ጊታር፣ በዚያው ፋብሪካ፣ በእነዚያው እጆች፣ ከሞላ ጎደል በዚያው ዕቃ ነው የተሠራው።

ቀጥሎ የዕውቀት ዘመን መጣ። የአሮጌ ጊታር ነጋዴው ጆርጅ ግሩን በ1970 ናሽቪል ውስጥ ሱቅ ከፈተ፤ ከዋልተር ካርተር ጋር ያዘጋጀው የአሮጌ ጊታሮች መለያ መጽሐፍም በ1991 ታተመ። ከዚያ ወዲህ ገዢው የሚያየው ብሎኑን፣ ሽቦውን፣ ብየዳውን ጭምር ሆነ።

ለወራሹ ከሁሉ የሚጠቅመው ይህ ነው። ብዙ ሰው መለያ ቁጥሩን አይቶ ዓመቱን ያወቀ ይመስለዋል። በ1950ዎቹና 60ዎቹ ፌንደሮች ላይ ግን አንገቱ ከአካሉ በሚታሰርበት ብረት ላይ የተመታው ቁጥር ግምት ብቻ ይሰጣል፤ ብረቶቹ በቅደም ተከተል አልተገጠሙምና። የተሻለው ማስረጃ በአንገቱ ግርጌ የተጻፈው ወይም የታተመው ቀን ነው። በድምፅ መቆጣጠሪያዎቹ ጀርባ ያለውም ቁጥር ይናገራል፦ 3046320 የሚል ካለ፣ 304 አምራቹን ስታክፖልን፣ 63 ዓመቱን 1963ን፣ 20 ደግሞ ሳምንቱን ያመለክታል። ይህም ቢሆን ጊታሩ ከዚያ ቀን በፊት እንዳልተሠራ ብቻ ነው የሚነግረን፤ መቆጣጠሪያው ኋላ ተቀይሮ ከሆነ እሱንም አይነግረንም። በ1950ዎቹ መጨረሻ የተሠራ ሌስ ፖል ከራስ ክፍሉ (ከአንገቱ ጫፍ) ጀርባ በቀለም የታተመ ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያው አኃዝ ዓመቱን ያሳያል፣ 9 ከሆነ 1959 ማለት ነው። በ1960ዎቹ ግን ጊብሰን ቁጥሮችን ደጋግሞ ስለተጠቀመ ቁጥሩ ብቻውን አይታመንም። ማስረጃዎቹ እርስ በርሳቸው ሲስማሙ ነው ዓመቱ የሚታወቀው። አንገቱን መፍታትና መቆጣጠሪያውን ማየት የባለሙያ ሥራ ነው፤ ወራሹ አይሞክረው።

ዓመቱ ከታወቀ በኋላ ዋጋውን የሚወስነው ሳይነካ መቆየቱ ነው። ቀለሙ እንደገና የተቀባ ጊታር በገበያው ልማድ የዋጋውን ግማሽ ያህል ያጣል፤ የራስ ክፍሉ ተሰብሮ የተጠገነም እንዲሁ በእጅጉ ይወርዳል። ለሰብሳቢ ይህ ጉድለት ነው። ለሚጫወት ወራሽ ግን እንጨቱም ድምፁም ያው ነው፤ እንዲህ ያለውን ከመሸጥ መጫወት ይሻላል እላለሁ።

ጨረታዎቹ ሌላ ዓለም ናቸው። የክላፕተን «ብራውኒ» በ1999 ክሪስቲስ ጨረታ 497,500 ዶላር፣ «ብላኪ» በ2004 959,500 ዶላር፣ የጊታሪስቱ ዴቪድ ጊልሞር ጥቁር ስትራቶካስተር በ2019 3.975 ሚሊዮን ዶላር አወጡ። «ብላኪ» ከተለያዩ ስትራቶካስተሮች ክፍሎች የተገጣጠመ ነው፤ በተራ ሰው እጅ ቢሆን ይህ ዋጋውን ይጥለው ነበር። ዋጋ ያገኘው ማን እንደተጫወተበት በማስረጃ ስለተረጋገጠ ነው። የተራው አሮጌ ጊታር ገበያ ግን እንዲህ ሽቅብ ብቻ አልሄደም፤ ከ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ በኋላ ወርዶ ብዙዎችን አክስሯል፤ በኮሮና ዘመን መልሶ ተወደደ።

በዋልያስ፣ በአይቤክስ፣ በዳህላክ ባንዶች ዘመን የተጫወተ ዘመድ ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። አንድ የመድረክ ፎቶግራፍ፣ አንድ የግዢ ደረሰኝ፣ የመጀመሪያው ሣጥን፣ እነዚህ ከጊታሩ ጋር አብረው መቀመጥ አለባቸው። አሜሪካ ያላችሁም ዕቃው በባለቤቱ ሞት ቀን የነበረውን ግምት በጽሑፍ አስይዙ፤ ብትሸጡት ትርፉ በአብዛኛው የሚሰላው ከዚያ ተነስቶ ነው። ከአገር አገር ከማሻገራችሁ በፊት ደግሞ የእንጨቱን ዓይነት አጣሩ፤ በብዙ አሮጌ ጊታሮች አንገት ላይ ያለው የብራዚል ሮዝውድ ከ1992 ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተጠበቀ ስለሆነ ፈቃድ ይጠይቃል።

ጊታሩ እስኪገመት አትወልውሉት፣ ቀለም አትቀቡት፣ አንድም ብሎን አትቀይሩ። ራሱ ሊገዛው ከሚፈልግ ነጋዴ ሳይሆን ከማይገዛ ገማች ግምት ውሰዱ። የተጫወተበት ሰው በሕይወት ካለ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቁትና ታሪኩን መዝግቡ።