የእንጀራ ልጅ፣ የአንበሳ ጢምና ቤት የሌላት ድመት

አንባቢ ሆይ! «እናት የሞተችበትና እናት ገበያ የሄደችበት እኩል ያለቅሳሉ» የሚለውን ተረት ከልጅነትህ ጀምረህ ሰምተኸዋል። ተረቱ የሚያሳየን ሁለት ልጆችን ነው። የአንደኛው እናት ዳግመኛ አትመለስም፤ የሁለተኛው እናት ግን ማታ ሙዝ ወይም ሸንኮራ ይዛ ትመጣለች፤ ልቅሶውም ያን ጊዜ ያበቃል። ነገር ግን ተረቱ ያልቆጠረው ሦስተኛ ልጅ አለ። የዚህ ልጅ እናት አልሞተችም፤ ገበያም አልሄደችም። በሕይወት ሳለች በሌላ ቤት ትኖራለች። አባቱም አለ፤ እርሱም ሌላ ጎጆ ቀልሷል። ልጁ የትምህርት ቤት ቦርሳውን አንጠልጥሎ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ይመላለሳል። «እናት አለህ ወይ?» ቢሉት «አለችኝ» ይላል፤ «ቤትህስ የት ነው?» ቢሉት ግን አንገቱን ይደፋል።

ዛሬ ስለዚህ ልጅ ጥቂት እንጨዋወት። ጥያቄያችንም ይኽ ነው፤ ወላጆቹ ለተፋቱበት፣ ከእንጀራ እናት ወይም ከእንጀራ አባት ጋር ለሚኖር ልጅ ምን ዓይነት መጽሐፍ ቢጻፍለት ይበጀዋል? መልሱን በሆሳዕናና በዱራሜ፣ በሾኔና በሺንሺቾ መካከል ቆመን እንፈልግ።

መንገድ ቤተሰብን ሲከፍል

ሆሳዕና ከአዲስ አበባ ወደ ደቡብ ምዕራብ 230 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ደጋማ ከተማ ናት። የቀድሞ ስሟ ዋቸሞ ነው፤ ዛሬ ዩኒቨርሲቲዋ የሚጠራበትም ስም ከዚያው የመጣ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ከተማ ነበረች፤ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ናት። ዱራሜ የከምባታ ዞን ከተማ ናት።

ይኽ አገር ሕዝቡ ብዙ፣ መሬቱ ጠባብ ነው። ከዚህ የተነሣ ከ1990ዎቹ ወዲህ እጅግ ብዙ ወጣቶች በኬንያና በታንዛኒያ፣ በማላዊና በሞዛምቢክ አድርገው ወደ ደቡብ አፍሪካ ተጉዘዋል። ከሄዱት ብዙዎቹ ገንዘብ ልከው ቤት አሠርተዋል፤ ወንድም አስተምረዋል። ነገር ግን የገንዘቡን ያህል የሚነገርለት ያልሆነ ሌላ ነገርም አለ። ባል ከሚስት ዓመታት ሲርቅ ትዳር ይላላል፤ አንዳንዱም እዚያው ሌላ ጎጆ ይቀልሳል። እዚህ የቀረችውም እናት ዕድሜዋን ሙሉ ብቻዋን ልትኖር ግድ የለባትም። በመካከል የሚገኘው ልጅ የአባቱን ድምፅ በስልክ፣ የእንጀራ አባቱን ድምፅ በቤት ውስጥ ይሰማል። የትኛውን «አባዬ» ብሎ መጥራት እንደሚገባው ግን የሚነግረው የለም።

ፍቺ የስደተኛ ቤት ብቻ ነው ማለታችን አይደለም። በመሥሪያ ቤት ከአጠገብህ የተቀመጠው ጸሐፊ፣ በክፍል ውስጥ ከፊትህ ያለችው ተማሪ እንዲህ ካለ ቤት የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ። ምናልባትም አንተ ራስህ።

ሕጉ ምን ይላል?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የፍቺን ጉዳይ በመጀመሪያ ለቤተ ዘመድ ሽማግሎች ይሰጥ ነበር። ስለ ልጆችም ሲናገር፣ ሌላ ከባድ ምክንያት ከሌለ በቀር፣ እስከ 5 ዓመት ያሉት ከእናታቸው ዘንድ እንዲቆዩ ያዝዝ ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ደግሞ ፍቺን የመወሰን ሥልጣን ለፍርድ ቤት ሰጠ። ልጁ ከማን ጋር ይደግ የሚለውንም ዳኛው የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና አኗኗር፣ እንዲሁም የልጁን ዕድሜና ጥቅም መዝኖ እንዲወስን አደረገ። ክልሎችም የቤተሰብን ጉዳይ በየራሳቸው ሕግ የመደንገግ ሥልጣን አላቸው። ከሁሉ በላይ የሆነው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በ36ኛው አንቀጽ ልጅ ወላጆቹን የማወቅና እንክብካቤያቸውን የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል።

ይኽ ሁሉ መልካም ነው። ዳኛው ልጁ የሚያድርበትን ቤትና የቀለቡን ገንዘብ ሊወስንለት ይችላል። ነገር ግን የትኛውም ዳኛ እንጀራ እናትን «ውደጃት»፣ እንጀራ ልጅንም «ውደዳት» ብሎ ሊፈርድ አይችልም። ከፍርድ ቤቱ በር ውጭ የሚቀረው ይኽ ሥራ ነው፤ ተረትና መጽሐፍ የሚያስፈልጉትም እዚህ ላይ ነው።

አንበሳውን ያለማመደች ሴት

በተረቶቻችን የእንጀራ እናት ስም ክፉ ነው። ልጅ ታስርባለች፤ ታስመታለች፤ ከቤት ታስወጣለች። ሲንድሬላን የፈጠሩት የሌላ አገር ሰዎችም ከዚህ የተለየ አልተናገሩም። ሆኖም እኛ ዘንድ ሌላ መንገድ የያዘ አንድ ተረት አለ። ብሬንት አሻብራነርና ራስል ዴቪስ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን የኢትዮጵያን ተረቶች ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1959 ባሳተሙት መጽሐፍ ውስጥ ይገኛል፤ መጽሐፉም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ተረት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት ሴት እናቱ የሞተችበት ልጅ ያለውን ሰው ታገባለች። ልጁን እንደ ወለደችው ልትወደው ትፈልጋለች፤ መልካም ምግብ ትሠራለታለች፤ ልብሱን ትጠግንለታለች። ልጁ ግን ፊቱን ያዞርባታል። በመጨረሻ ወደ አንድ ጠቢብ ሽማግሌ ሄዳ መድኃኒት ትለምናለች። ሽማግሌውም «በሕይወት ካለ አንበሳ ጢም ነቅለሽ አምጪልኝ» ይላታል። ሴቲቱ ሥጋ ይዛ ትሄድና ከሩቅ አኑራለት ትመለሳለች። በማግሥቱ ጥቂት ቀረብ ታደርገዋለች። እንዲህ እያለች ብዙ ቀን ከቆየች በኋላ አንበሳው ከአጠገቧ ይበላል፤ እርሷም ቀስ ብላ ጢሙን ትነቅላለች። ጢሙን ይዛ ስትመጣ ሽማግሌው መድኃኒት አልቀመመላትም። «አንበሳውን በትዕግሥት እንዳቀረብሽው ልጁንም እንዲሁ አድርጊ» ብሎ አሰናበታት።

ኮሪያውያን ይኽን የሚመስል የነብር ጢም ተረት አላቸው፤ በእነርሱ ዘንድ ግን የሚለማመደው ከጦርነት ልቡ ተሰብሮ የተመለሰ ባል ነው። የእኛው ስለ እንጀራ ልጅ መሆኑ ይበልጥ ያኮራናል። ሴቲቱ ልጁን «እማዬ በለኝ» ብላ አላስጨነቀችውም። ሥጋውን አስቀምጣ ሄደች፤ በማግሥቱም ተመለሰች። አንበሳውን ያቀረበው በየቀኑ መመለሷ ነው።

በሌላ አገር የተጻፉ ሁለት መጻሕፍት

ጀርመናዊው ደራሲ ኤሪክ ኬስትነር እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ፍቺ ለልጆች አንድ ልብ ወለድ አሳተመ። ሁለት መንታ እኅትማማቾች፣ አንዷ ከአባቷ ጋር በቪየና፣ ሌላዋ ከእናቷ ጋር በሙኒክ፣ አንዷ ሌላዋ መኖሯን ሳታውቅ ያድጋሉ። በክረምት የልጆች ሰፈር ይገናኙና ቦታ ይለዋወጣሉ፤ በመጨረሻም ወላጆቻቸውን ያስታርቃሉ። መጽሐፉ በብዙ ቋንቋ ተተርጉሟል፤ በፊልምም ተሠርቷል። በዚያ ዘመን ስለ ፍቺ ለልጅ መጻፉ ድፍረት ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ያሰጋናል። ወላጆቹ የማይታረቁለት ልጅ ይኽን አንብቦ ሲጨርስ «እኔስ ለምን አላስታረቅኋቸውም?» ብሎ ራሱን ሊወቅስ ይችላል።

አሜሪካዊቷ ቤቨርሊ ክሊሪ እ.ኤ.አ. በ1983 ያወጣችው መጽሐፍ ሌላ መንገድ ይዟል። በሚቀጥለው ዓመት የኒውቤሪን ሽልማት ያገኘው ይኽ መጽሐፍ ሊ ቦትስ የተባለ ልጅ ለሚወደው ደራሲ በሚጽፋቸው ደብዳቤዎችና በማስታወሻ ደብተሩ የተሠራ ነው። አባቱ የጭነት መኪና ነጂ ነው፤ እደውላለሁ ብሎ አይደውልም። አንድ ቀን በመንገድ ላይ ዘሎ ከመኪናው የገባ ባለቤት የሌለው ውሻ አላቸው፤ እርሱም ከአባቱ ጋር ይጓዛል፤ በኋላም ይጠፋል። በመጨረሻ ውሻው ይገኛል፤ አባትዬውም መጥቶ ለመታረቅ ይጠይቃል። እናቲቱ ግን አትቀበልም። ልጁም ያዝናል፤ ውሻውንም ብቸኛው አባቱ ይዞት እንዲሄድ ይፈቅዳል። እዚህ ላይ ዕርቅ የለም፤ ልጁ ግን አድጓል። ወላጆቹ የተፋቱት በእርሱ ጥፋት አለመሆኑን፣ ማስታረቁም የእርሱ ሥራ አለመሆኑን ተረድቷል።

ለምን ድመት?

አሁን ወደ ሆሳዕና እንመለስ። ለዚህ አገር ልጅ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ቢጻፍ፣ ውሻውን ትተን ባለቤት የሌላት ድመት ብናስገባበት መልካም ይመስለናል። ድመት የአንበሳ ዘመድ ናትና ነገሩ ከአገራችን ተረት ጋር ይገጥማል። ደግሞም ውሻ በአንድ ቁራሽ ይወዳጃል፤ የሜዳ ድመት ግን እንዲህ በቀላሉ አትታለልም።

ስለ ድመት የሚያጠኑ ሰዎች እንደሚሉት ግልገሏ ሰውን በቀላሉ የምትለምደው ከተወለደች ከ2ኛው እስከ 7ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። ይኽ ጊዜ ካለፈ መልመድ ትችላለች፤ ነገር ግን ብዙ ትዕግሥት ይጠይቃል። ምግቧን በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ማኖር፣ ራቅ ብሎ መቀመጥ፣ ለመያዝ አለመሽቀዳደም ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 በእንግሊዝ አገር የሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እንዳሳዩት፣ ሰው ዐይኑን ቀስ አድርጎ ጨፈን ገለጥ ቢያደርግላት ድመት ይበልጥ ትቀርበዋለች። ትኩር ብሎ ማየት ግን ያስፈራታል። የማትታወቅ ድመት ብትነክስ ወይም ብትቧጭር ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብና ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል፤ የእብድ ውሻ በሽታ በድመትም ይተላለፋልና። መጽሐፉም ይኽን ለልጆች ቢነግር አይከፋም።

እስቲ ታሪኩን በሐሳብህ ሥራው። የ10 ዓመት ልጅ ከእናቷ ቤት ወደ አባቷ ቤት መጥታለች። የአባቷ አዲስ ሚስት የሁለት ልጆች እናት ናት። ልጅቷ ማዕድ አትቀርብም፤ ለምን ቢሏት «ጠግቤያለሁ» ትላለች። ከጓሮ፣ ከእንሰቱ ሥር፣ አንዲት የከሳች ድመት ታያለች። ከድርሻዋ እየቀነሰች በየማታው ታኖርላታለች። ድመቷም ከሩቅ ትበላና ትሸሻለች። አንድ ማታ ልጅቷ ወደ እናቷ ዘንድ ሄዳ ሳለ የእንጀራ እናቷ ምግቡን በዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ታኖራለች፤ ማንም አላዘዛትም። ልጅቷ ስትመለስ ሳህኑ ባዶ ሆኖ፣ ድመቷም ሳትከሳ ታገኛለች። ነገሩን ማን እንዳደረገው ጠይቃ ታውቃለች፤ ሆኖም አንድ ቃል አትናገርም። ከዚያ በኋላ ግን ማዕድ ላይ ጥቂት ቀረብ ትላለች። ጸሐፊው ከዚህ የበለጠ ዕርቅ ባይጨምር ይሻላል።

የሐዲያና የከምባታ ሴቶች እንሰትን እንዴት እንደሚያሳድጉ ያየ ሰው ይኽን ታሪክ ቶሎ ይረዳዋል። ከአንዱ አሚቾ ብዙ ቡቃያ ይወጣል፤ ቡቃያውም ተነቅሎ ሌላ ቦታ ይተከላል፤ እንደየአገሩ ልማድ ሁለተኛና ሦስተኛም ጊዜ ይዛወራል። ቆጮ ለመሆን ዓመታት ይወስድበታል። በመዛወሩ አይሞትም። ነገር ግን በተዛወረ ቁጥር ፍግ የሚያኖርለት ሰው ያስፈልገዋል። ልጅም ሁለት ቤት ስላለው ብቻ አይጠፋም፤ በሁለቱም ቤት የሚንከባከበው ካጣ ግን ይጠወልጋል።

መጽሐፉ በአማርኛ ብቻ ባይቀር ደግሞ ይመረጣል። በዚህ አገር ታናናሾቹ ተማሪዎች የመጀመሪያ ትምህርታቸውን በሐዲይሳና በከምባቲሳ ይማራሉና፣ ኀዘናቸውንም አስቀድመው የሚሰሙት በእነዚሁ ቋንቋዎች ነው። ከዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና ከየትምህርት ቤቱ መምህራን መካከል በእነዚህ ቋንቋዎች መጻፍ የሚችል አይታጣም።

አንተስ ምን ታደርጋለህ?

አንባቢ ሆይ፣ ምናልባት መጽሐፍ አትጽፍ ይሆናል። ነገር ግን ነገ መምህር ሆነህ ከፊትህ 60 ልጅ ይቀመጣል፤ ወይም በመዝገብ ቤት የፍቺ ፋይል ከእጅህ ይገባል፤ ወይም ደግሞ ልጅ ያላትን ሴት ታገባለህ። አንቺም እኅቴ እንዲሁ። ያን ጊዜ ጥቂት ነገር አስቡ። ልጁን የወዲያኛው ቤት ሰላይ አታድርጉት። እናቱን ወይም አባቱን በፊቱ አትንቀፉ፤ የእርሱን ግማሽ እንደ ነቀፋችሁ ይቈጥረዋልና። «ከዛሬ ጀምሮ እማዬ በላት» ብላችሁ አትዘዙት። ከሁሉም በላይ ወላጆቹ የተለያዩት እርሱ ባጠፋው ጥፋት አለመሆኑን በግልጽ ንገሩት። አዋቂ ሁሉ ልጁ ይኽን የሚያውቅ ይመስለዋል፤ ልጁ ግን ብዙ ጊዜ አያውቀውም።

እንግሊዞች ለእንጀራ ዝምድና የሚሰጡት ስም ጥንት ወላጅ ማጣትን ከሚያመለክት ቃል የመጣ ነው። ፈረንሳዮች የእንጀራ እናትን «ቆንጆ እናት» ብለው ያቆላምጧታል። እኛ ግን «እንጀራ» አልን። ቃሉን እንዳለ ብንወስደው እናትነቷ በየቀኑ ከምታቀርበው እንጀራ የሚጀምር ሴት ማለት ይሆናል። በዛሬው ማታ ማዕድ ራቅ ብሎ የተቀመጠ ልጅ ካለ፣ ድርሻውን ሳትጠሩትና ሳታባብሉት ከሚደርስበት ቦታ አኑሩለት፤ ነገም እንዲሁ አድርጉ።