ሣር የለበሰው በረሃ

በሱዳን ከኦምዱርማን ተነሥቶ በባራ በኩል ወደ ኤል ኦቤይድ የሚወርድ መንገደኛ በክረምት ወራት የሚያየው ምድር ለምለም ነው። ሙጫ የሚሰጠው ግራር፣ የግመልና የፍየል መንጋ፣ የሰሊጥና የለውዝ ማሳ ግራና ቀኝ ይታያሉ። መሬቱ ግን ሜዳ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ያብጣል፣ ቀስ ብሎ ይረግባል። ትንሽ ቢቆፍሩት የሚወጣው ድንጋይም ጥቁር አፈርም ሳይሆን ቀላ ያለ ደቃቅ አሸዋ ነው። ሱዳኖች ጎዝ የሚሉት ይህ ምድር ኮርዶፋንንና ዳርፉርን አቋርጦ የሚዘረጋ የጥንት የአሸዋ ኮረብታዎች ስብስብ ነው። አንድ ዘመን ሰሃራ እዚህ ድረስ ደርሶ ነበር።

የአሸዋ ኮረብታ እንዲንቀሳቀስ ልቅ አሸዋ፣ በቂ ነፋስና የተራቆተ መሬት ያስፈልጉታል። ነፋስ ያነሣት ቅንጣት ርቃ አትበርም፤ ትንሽ ዘልላ ትወድቅና ሌሎቹን መትታ ታስነሣለች። ይህን እንግሊዛዊው መኮንን ራልፍ ባግኖልድ የሊቢያን በረሃ በመኪና ካሰሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1941 ባሳተመው መጽሐፍ አብራርቶታል። ሣር ሲበቅል ነፋሱ ከመሬት ጋር ያለው ግንኙነት ይላላል፣ ሥሩም አሸዋውን ይይዛል። ዛሬ በሰሃራ ደቡብ ጠርዝ አሸዋ እንደልቡ የሚነዳው በዓመት ከ150 ሚሊ ሜትር ገደማ በታች በሚዘንብበት አካባቢ ነው። የጎዝ ምድር ግን ከዚያ እጥፍና ከዚያም በላይ ዝናብ ያገኛል። እንዲህ ያሉ የረጉ ኮረብታዎች በሰሜን ናይጄሪያም፣ በኒጀርም፣ በማሊም አሉ፤ ዛሬ አሸዋ ከሚነዳበት ወሰን በመቶዎች በሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ወደ ደቡብ ገብተው ይገኛሉ።

ታዲያ ዝናቡ መቼና ለምን አነሰ? ከ20 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የሰሜን አሜሪካና የሰሜን አውሮፓ ሰፊ ክፍል በበረዶ ክምር ተሸፍኖ ነበር። ውቅያኖሶች ቀዝቅዘው ስለነበር ወደ አየር የሚወጣው እርጥበት አነሰ፤ ወደ አፍሪካ የሚገባው የክረምት ዝናብም ደከመ። እኛን በቅርብ የሚነካው ማስረጃ ከጣና ሐይቅ ወለል ተቆፍሮ የወጣው ጭቃ ነው። በዚያ ዘመን መጨረሻ፣ ከ16 ሺህ ዓመት በፊት አስቀድሞ፣ ጣና ደርቆ ነበር። የነጭ ዓባይ ምንጭ የሆነው የቪክቶሪያ ሐይቅም እንዲሁ። ጣናን ያደረቀውና የኮርዶፋንን አሸዋ ያስነሣው አንድ የዝናብ ድካም ነው፤ ስለዚህ የጎዝ ታሪክ የጎረቤት ታሪክ ብቻ አይመስለኝም።

ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ከ11 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ምድር ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው እንደ ዛሬው በጃንዋሪ መጀመሪያ ሳይሆን የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ በሚሞቅበት ወቅት ነበር። የሰሃራ ምድር በኃይል ሲግል ዝናቡን ወደ ሰሜን ሳበው። የቻድ ሐይቅ ከ300 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሰፋ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ ሞልተው አንድ ሐይቅ ሆኑ። ዛሬ ደረቅ ሸለቆ የሆነው የሰሜን ዳርፉሩ ዋዲ ሃዋር እየፈሰሰ ዓባይን ይቀላቀል ነበር፤ በዳርቻው ዓሣ አጥማጆች፣ ኋላም ከብት አርቢዎች ኖረዋል። ኮረብታዎቹም ሣር ለበሱ። ከ5 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ ወደ ደቡብ ሲመለስ የሰሜኑ አሸዋ እንደገና ተነሣ፤ ጎዝ ግን በአብዛኛው እንደረጋ ቀረ።

ይህ ሁሉ ዕድሜ በምን ይለካል? አሸዋ ውስጥ ያለው ኳርትዝ በዙሪያው ካሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም የሚወጣውን የጨረር ጉልበት በዝግታ እንደሚሞላ ጎተራ ያጠራቅማል፤ የፀሐይ ብርሃን ሲነካው ያጠራቀመው ባዶ ይሆናል። ተመራማሪዎች ብርሃን እንዳያገኘው አሸዋውን በብረት ቱቦ ያወጡታል፣ በደብዛዛ ቀይ መብራት ያዘጋጁታል፤ ከዚያ ብርሃን ሲያበሩበት የሚመልሰው ፍካት ከተቀበረ ስንት ዘመን እንደሆነው ይናገራል። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው ይፋ የሆነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታለፍ ነጥብ አለ። የሚሄድ አሸዋ ቀን በቀን ብርሃን ስለሚያገኝ የራሱን ታሪክ ይሰርዛል። ተርፎ የሚገኘው የመጨረሻው መቀበር ነው፤ ይኸውም ብዙውን ጊዜ ድርቁ የበረታበት ሳይሆን አሸዋው መርጋት የጀመረበት ዘመን ነው። በዚያ ላይ ነፋስ ከበረታ ወይም አዲስ አሸዋ ከመጣ ዝናቡ ብዙም ሳይለወጥ ኮረብታ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ እያንዳንዱን የኮረብታ ዕድሜ «የድርቅ ዘመን» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ ከሐይቅ ጭቃ ጋር ተስተያይቶ መነበብ አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ድርቅ በኮርዶፋን መንደሮችና የውኃ ጉድጓዶች ዙሪያ፣ ከብት ሣሩን በጨረሰበትና ዛፉ በተቆረጠበት፣ የረጋው አሸዋ እንደገና ተነሥቷል። ገበሬው ከጥንት የኖረበት ዘዴ ነበረው፤ ማሳውን ጥቂት ዓመት ያርስና ከዚያ ለረጅም ዓመታት ሀሻብ ለሚባለው የሙጫ ግራር ይተወዋል። ዛፉ አፈሩን ያድሳል፣ አሸዋውን ይይዛል፣ ሙጫውም ይሸጣል። ዛሬ መሬት እየጠበበ ሲሄድ ይህ የዕረፍት ጊዜ እያጠረ ነው። በጎዝ ላይ ዝናቡን የሚቆጥር ሁሉ ሀሻቡንም ይቁጠር።