በገጣሚው ወጪ የታተሙ ሸክላዎች

በ20ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ውስጥ «ሶንግ ፖም» የሚባል የሙዚቃ ንግድ ነበር። ኩባንያዎቹ በመጽሔቶች የኋላ ገጾች የዘፈን ግጥም እንደሚፈልጉ ያስተዋውቃሉ። ግጥሙን በፖስታ የላከ ሰው መጀመሪያ የሙገሳ ደብዳቤ ይደርሰዋል፤ ቀጥሎም ለዜማው፣ ለቀረጻውና ለሸክላው እንዲከፍል ይጠየቃል። ሥራው ሙዚቃ በታተመ ኖታ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ተጀምሮ በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሸክላ ደርቷል።

ትርፉ ከአድማጭ ሳይሆን ከገጣሚው ኪስ ስለሚገኝ ቀረጻው ጥድፊያ ነበር። ሙዚቀኞቹ ባለሙያዎች ቢሆኑም በአንድ ቀጠሮ በርካታ ዘፈኖችን፣ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ድጋሚ ይቀዱ ነበር። ከፋዩ ገጣሚው ነውና ቤት ያልመታው ስንኝም፣ ምጣኔው የተዛነፈውም እንዳለ ይዘፈናል። ፍቅር፣ ሃይማኖትና የገና በዓል የተለመዱ ርዕሶች ሲሆኑ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተርን የሚያወድስ ዘፈንም ተቀርጿል። ሸክላው ግን ከገጣሚው ቤት አልፎ ሬዲዮ ወይም ሱቅ የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው።

ከዘርፉ ሙዚቀኞች በሰብሳቢዎች ዘንድ ትልቅ ስም ያለው በሎስ አንጀለስ የሠራው ሮድ ኪት ነው። ቻምበርሊን የተባለውን፣ በቴፕ የተቀዳ የእውነተኛ መሣሪያ ድምፅ የሚያሰማ ኪቦርድ እየተጫወተ ብቻውን የኦርኬስትራን ቦታ ይሸፍን ነበር። በ1974 ሞተ፤ ሥራዎቹን በ1996 በሲዲ አሰባስቦ ያሳተመው ልጁ፣ የጃዝ ሳክስፎኒስቱ ኤለሪ ኤስከሊን ነው።

የመሰብሰቡን ፈር ከቀደዱት አንዱ የኤንአርቢኪው ባንድ ድራመር የነበረው ቶም አርዶሊኖ ነው። ከያዛቸው ሸክላዎች የተመረጡት በ1992 በአልበም ወጡ። ፊል ሚልስታይን ደግሞ የኩባንያዎቹን ሥራዎች በዝርዝር መዝግቧል። ገጣሚዎቹ ዝነኞች ስላልሆኑ ሰብሳቢዎች የሚመሩት በአሳታሚው ስም፣ በሸክላው ቁጥርና በዘፋኙ ድምፅ ነው። ድምፁን መለየት የግድ ነው፤ አንድ ዘፋኝ በተለያየ ስም ይቀርባልና። ለምሳሌ ጂን ማርሻል ተብሎ የታተመው ጂን ሜርሊኖ ነው። በ2003 የጄሚ ሜልትዘር ዘጋቢ ፊልም ታሪኩን ለሰፊው ተመልካች አቀረበ።

ዛሬ ሸክላዎቹን የሚሰበስቡት ለመሳቅም ለማድነቅም ነው። ንግዱ በገጣሚዎቹ ተስፋ ቢነግድም፣ ሌላ አሳታሚ የማይቀበላቸውን ተራ ሰዎች ቃል በሸክላ አስቀርቷል፤ ለሰብሳቢዎቹም የሸክላዎቹ ዋና ዋጋ ይኸው ነው።