«ኳስ የምትጫወት ልጅ ትመክናለች»፦ ተረትና እውነታ

አንዲት የ14 ዓመት ልጅ አውቃለሁ፤ ልምምድ የምትሄደው ታኬታዋን ከደብተሮቿ ስር ቀብራ ነበር። እናቷ የከለከሏት ኳስ ጠልተው አይደለም። ቡና ላይ አንዲት ጎረቤት «ልጅሽን መልሻት፤ ኳስ የመታች ልጅ ማህፀኗ ይጎዳል፣ ኋላ ትመክንብሻለች» ስላለቻቸው ነው። ታኬታው የተገኘ ዕለት ልምምዱም ቀረ።

ማህፀን የሚገኘው ዳሌ አጥንት ውስጥ፣ በጅማትና በጡንቻ ተደግፎ ነው። ሩጫና ዝላይ ከቦታው አያናውጡትም። ኳስ ሆድ ላይ ሲያርፍ ያማል፤ መውለድን ግን አይከለክልም። የሚያናድደኝ፣ ይቺው ልጅ 20 ሊትር ጀሪካን አዝላ ዳገት ስትወጣ ስለ ማህፀኗ ትንፍሽ የሚል ጎረቤት አለመኖሩ ነው። ማህፀን እንዲወርድ ያደርጋሉ ተብለው ከሚጠቀሱት ምክንያቶች አንዱ ለዓመታት የተሸከሙት ከባድ ሸክም መሆኑን ግን ማን ይንገራቸው? አሜሪካዊቷ ኳስ ተጫዋች አሌክስ ሞርጋን እ.ኤ.አ. በ2020 ወልዳ በቀጣዩ ዓመት በቶኪዮ ኦሊምፒክ ተሰልፋለች። ፊፋም ክለቦች ቢያንስ የ14 ሳምንት የወሊድ ፈቃድ እንዲሰጡ ያስገደደው ተጫዋቾች ስለሚወልዱ ነው።

ወሬው የእኛ ብቻ አይደለም። የእንግሊዝ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ1921 ጨዋታው ለሴት አይሆንም ብሎ ሴቶችን ከክለቦቹ ሜዳዎች አግዶ 50 ዓመት ያህል ቆይቷል። ብራዚልም እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1979 በሕግ ከልክላ ነበር።

ስጋቱ ግን ከባዶ አልተነሳም። ጠንክራ እየሠራች በቂ ምግብ የማታገኝ ልጅ የወር አበባዋ ሊዛባ፣ ጭራሽ ሊቆምም ይችላል። ሲቆይም አጥንቷን ያሳሳዋል። ይህን ያዩ ሰዎች ኳሱን ቢጠረጥሩ አይፈረድባቸውም። ጥፋቱ ግን የባዶ ሆዱ ነው። ልምምዱን ቀነስ፣ ምግቡን ጨመር ሲያደርጉት የወር አበባው አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። ሦስት ወር ከቀረባት ሐኪም ይያት።

ከመምከን ወሬ ጀርባ ደግሞ በሹክሹክታ የሚወራ ሌላ አለ፦ «ክብሯን ታጣለች»። ድንግልና የሚባለው ስስ ሽፋን እንደ ከበሮ ቆዳ የተወጠረ መዝጊያ አይደለም። ከልደት ጀምሮ ክፍት ቦታ አለው፤ ባይኖረውማ የወር አበባ በምን ይወጣል? ቅርጹ ከሴት ሴት ይለያያል። ማንም ሐኪም እሱን አይቶ የልጅቷን ታሪክ ሊናገር አይችልም። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ከሁለት የተባበሩት መንግሥታት አካላት ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ እንዲቀር የጠየቀውም ለዚህ ነው።

ሌሎች አባባሎችም አሉ። «ወንድ ትመስላለች»፦ እግሯ ይጠነክራል፤ ጎርናና ድምፅና ጢም የሚያመጣው ሆርሞን እንጂ ኳስ አይደለም።

«በወር አበባ ጊዜ አይቻልም»፦ ካላመማት ትጫወት። የሚያስፈልጋት ሞዴስና መቀየሪያ ክፍል ነው።

«የትም አያደርሳትም»፦ ኢትዮጵያዊቷን ተጫዋች ሎዛ አበራን ከዱራሜ ማልታ፣ ከዚያም አሜሪካ አድርሷታል። ሁሉም ሎዛ አይሆንም፤ ሁሉም ወንድም ግን መሐመድ ሳላህ አይሆንም።

«ጉልበቷን ይሰብራታል» የሚሉት ከሁሉም ወደ እውነቱ ይጠጋሉ። የጉልበት ጅማት መበጠስ በልጃገረዶች ላይ ከወንዶች ይበልጥ ይደጋገማል። ምክንያቱ ላይ ባለሙያዎች ገና ይከራከራሉ፤ የዳሌ ቅርጽ፣ ሆርሞን፣ የሥልጠና ማነስ ይጠቀሳሉ። 20 ደቂቃ ገደማ የሚወስደው የፊፋ «11+» ማሟሟቂያ ግን ጉዳትን በእጅጉ እንደሚቀንስ ታይቷል፤ ከኳስና ከሜዳ በቀር የተለየ ዕቃ አይጠይቅም። እናት አሰልጣኙን የሚጠይቁት ካላቸው፣ ይህን ያሠራ እንደሆነ ይጠይቁት።