ሮቨር፦ አበል የማይከፈልበት ማኅበር

ስካውት ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አንገቱ ላይ ሻሽ ያሰረና በበዓል ቀን ሕዝብ የሚያስተናግድ ልጅ ነው። ልጆቹን አከብራለሁ፤ የምወደው ግን ታላላቆቻቸውን፣ ሮቨሮቹን ነው። ሮቨር 18 ዓመት የሞላቸው ወጣቶች የስካውት ክፍል ሲሆን ሃያዎቹ አጋማሽ ላይ ያበቃል። እንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1918 ተጀመረ፤ የስካውት መሥራች ባደን ፓወልም በ1922 ለእነሱ ብሎ መጽሐፍ ጻፈ። መፈክራቸው አንድ ቃል ነው፦ አገልግሎት። እኛ አገር ስካውት በንጉሡ ዘመን ነበረ፣ በደርግ ዘመን ተቋረጠ፣ ኋላ ተመለሰ። ታሪኩ ይኸው ነው።

በከተማችን በከሚሴ ስለ ሮቨር ባወራሁ ቁጥር መጀመሪያ የምሰማው ጥያቄ «አበል አለው?» የሚል ነው። ቀጥሎ «ማነው የሚያደራጀን?» ይመጣል። አልፈርድባቸውም። ማኅበር ማለት ቀበሌ ጠርቶ ስም የሚመዘግብበት፣ ለብድር የሚያደራጅበት፣ ውሃ ታድሎ የትራንስፖርት የሚፈረምበት ነገር ሆኖ ነው ያደጉት። የሚገርመኝ ግን ጠያቂዎቹ የወሎ ልጆች መሆናቸው ነው። ሌላው ዕድር የሚለውን እኛ ቅሬ እንለዋለን። ሰው ሲሞት አካፋና ዶማ ይዞ የሚወጣውን ጎረቤት ማን አደራጀው? የቅሬውን ዳኛ የሚመርጡት አባላቱ ናቸው፤ መዋጮውን የሚቆርጡትም፣ የቀረውን የሚቀጡትም እነሱው። አባትህ ለቀብር ሲወጣ አበል ጠይቆ ያውቃል?

ሮቨርም አሠራሩ ይኸው ነው። የቡድኑን መሪ አባላቱ ከመካከላቸው ይመርጣሉ። በዕድሜ የገፋ አማካሪ ይኖራል፤ እሱ ግን ሲጠየቅ ይመክራል እንጂ አያዝም። ምን እንሥራ፣ መዋጮው ስንት ይሁን፣ ማን ይግባ የሚለውን የሚወስነው የአባላቱ ጉባኤ ነው። አንዱ «ክረምት ቦርከና ወንዝ ሲሞላ ጨፋ ላይ የሚቸገሩ ሰዎች አሉ» ይላል። ሌላዋ «የአዲስ አበባ–ደሴ መንገድ መሃል ከተማችንን ነው የሚያቋርጠው፣ ባጃጅ ሲገለበጥ ደም ማቆም የሚችል ሰው የለንም፣ መጀመሪያ እሱን እንማር» ትላለች። ይከራከራሉ። ግማሹ በኦሮምኛ ግማሹ በአማርኛ ሆኖ ክርክሩ ሊረዝም ይችላል፤ ይርዘም። እጅ ይወጣል፣ ሥራ ይከፋፈላሉ፣ ይሠራሉ። ከዚያ ተመልሰው ይቀመጡና ምን እንደተበላሸ ይነጋገራሉ።

ይህችን የመጨረሻዋን ነው ሁሉም የሚዘልላት። ችግኝ ተክሎ፣ ባነር ዘርግቶ፣ ፎቶ ተነሥቶ መበተን ሮቨርነት አይደለም። ችግኙ ጸደቀ ወይስ ፍየል በላው? ፍየል ከበላው ማን ነበር ተረኛው? ይህን ሳይጠይቅ የሚያልፍ ቡድን ስሙን ይቀይር።

አገባቡም ቅጽ በመሙላት ብቻ አያልቅም። በጥንቱ የእንግሊዞች ልማድ አዲስ ገቢው የሙከራ ጊዜ ነበረው፤ ሁለት ነባር አባላት እንደ ዋስ ሆነው ያስተምሩታል፣ ጠባዩንም ያያሉ። ቃል ከመግባቱ በፊት ለብቻው በጸጥታ ተቀምጦ ራሱን እንዲመረምር ይደረግ ነበር። ይህን ልማድ እወደዋለሁ። ቃሉ ውስጥ ለፈጣሪ ያለ ግዴታ አለ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በየእምነቱ ይገባዋል። የሙከራው ጊዜ ጥቅም አዲሱ አባል «ምን ይሰጡኛል?» ማለት ትቶ «የኔ ተራ መቼ ነው?» እስኪል መጠበቁ ነው። አንዳንዱ በወር ይደርስበታል፣ አንዳንዱ መቼም አይደርስ። ያልደረሰውን በጊዜ ማሰናበት ለሁለቱም ይበጃል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ስካውቶች በዓለም ዙሪያ የሚጨባበጡት በግራ እጅ ነው። ትውፊቱ፣ ጋሻ የሚያዘው በግራ ስለሆነ ጋሻውን ጥሎ ግራ እጁን የሚሰጥ ሰው አምኖሃል ይላል። ያምራል፤ ለከሚሴ ግን አይሆንም። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ ሮቨር ለአንድ ሼህ ግራውን ሲዘረጋ አይቻለሁ። ሼሁ እጁን አዩና «ልጄ፣ ቀኝህን አሞሃል እንዴ?» አሉት። የግራው ሰላምታ እርስ በርሳችሁ ይሁን፤ ለታላቅ ቀኛችሁን ስጡ።

ሻሹም ለጌጥ አይደለም። ሦስት ማዕዘን የሆነው የተሰበረ ክንድ አንገት ላይ እንዲያንጠለጥል፣ ቁስል እንዲያስር ነው። አሁን አሁን የሚሰፉት ግን አጫጭር ናቸው፣ የሕፃን ክንድም አይዙ። ስታሰፉ የአዋቂ ክንድ ደግፎ አንገት ላይ የሚቋጠር መሆኑን ሞክሩት፤ ልብስ ሰፊው ጨርቅ በዛ ቢላችሁም አትስሙት።

መጀመር የምትፈልጉ ስድስት ሰባት ሆናችሁ ተሰባሰቡ፤ ሴቶቹንም ከመጀመሪያው አስገቡ፣ ኋላ ሻይ አፍሉልን ብላችሁ እንዳትጠሯቸው። መዝገብ የሚይዘውና ገንዘብ የሚይዘው ሁለት ሰው ይሁኑ። ከዚያ ለኢትዮጵያ ስካውት ማኅበር አሳውቁ፤ ያለ እሱ ዕውቅና የስካውትን ስምና ሻሽ መያዝ አይገባም። ስብሰባችሁ ዓርብ ከጁምዓ፣ እሑድ ከቅዳሴና ከሰንበቴ ገበያ ጋር እንዳይጋጭ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብታደርጉት ይሻላል፤ ባቲ ሰኞ የሚነግድ አባል ካላችሁም እሑድ ማታ ዕቃ ሲጭን አትጥሩት።